እንዲህ የሚባል እዚህ የለም

የዚያን ቀን ጠዋት በርበሬ እየቀነጠስኩ ነበር። የልጄ ሚስት ማረቆ ካለችው ከቆሼ ከተማ ያመጣችው በርበሬ ነው፣ ሁለት ጆንያ። የቀረውን ልታመጣ በጠዋት ተመልሳ ሄዳለች። ግቢው ውስጥ በቤቱ በር በኩል ሰሌን አነጠፍኩ፣ አፍንጫዬን በሻሽ አሰርኩ፣ ቁጭ አልኩ። በርበሬ የሚቀነጥስ ሰው ሰላም የለውም። እጁ ይነድዳል፣ ዓይኑን እንዳያሽ ይፈራል፣ ጉሮሮው ይከረክረዋል። እኔ ደግሞ በርበሬ ሳልነካም ሰላም አይደለሁም። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ምን እደብቃለሁ።

በዚህ ግቢ የማዝ እኔ ነኝ። ልጄን የዳርኩት እኔ፣ ሚስቱን መርጬ ያመጣሁት እኔ፣ ለሷም ስም ያወጣሁላት እኔ፣ የልጅ ልጆቼን እትብት የቀበርኩት እኔ። ከልጅ ልጆቼ ሦስቱ አዲስ አበባ ገብተው ቀሩ። ለዒድ ይመጣሉ፣ ስልካቸውን እያዩ በልተው ይሄዳሉ። እዚህ የቀረችኝ አንዷ ናት፣ ይቺ አሁን የምትጽፍልኝ። የቀረችውም ቡታጅራ ውስጥ ሥራ ስላገኘች ነው። ሥራው ከሄደ እሷም ትሄዳለች። ይሄን ከሁሉ በፊት ጻፊ አልኳት፣ ያ ቀን ለኔ ምን እንደነበር ሰው እንዲያውቀው።

ሥራዋ ኮምፒውተር ነው። አስፋልቱ ዳር ካለው ፎቅ ላይ አምስት ስድስት ልጆች ሆነው ይሠራሉ። መብራት ሲጠፋ ወይ ሲጨናነቅባት ኮምፒውተሩን ይዛ እቤት ትመጣና ጓዳ ትቀመጣለች። አለቃቸው የዚሁ ከተማ ልጅ ነው፣ አዲስ አበባ ተምሮ የተመለሰ። ስሙን አልጠራም። እዚህ ውስጥ የማንንም ስም አልጠራም፣ ለምን እንደሆነ ስትሰሙ ይገባችኋል።

አንድ ቀን ምንድነው የምትሠሩት ብዬ ያዝኳት። እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ፕሮግራም ይታመማል። ያን ጊዜ ሌላ ፕሮግራም አለ፣ ዲበገር ይሉታል። የታመመውን መሀል ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፣ ሆዱን ከፍቶ ያያል፣ የቱ ጋ እንደተበላሸ ይናገራል። እነሱ የሚሠሩት ያንን ነው፣ ሐኪሙን። ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ይወስዱታል፣ በየቀኑ እየጻፉ ያዙታል። አቁም ይሉታል፣ ይቆማል። አሳይ ይሉታል፣ ያሳያል።

"ሐኪሙ ራሱ ሲታመምስ?" አልኳት።

"ለሱም ለብቻ ትዕዛዞች አሉት እማማ። የራሱን የዲበገሩን ሆድ የሚከፍቱ። እነሱን መንካት ያለብን እኛ ሠሪዎቹ ብቻ ነን።"

"የጓዳ ነዋ።"

"አዎ፣ የጓዳ።"

"ታዲያ የጓዳውንና የሳሎኑን ዕቃ አንድ ላይ ነው የምትሰቅሉት?"

አንድ ላይ ነበራ የሰቀሉት! ወልቂጤ ያለ አንድ ደንበኛቸው 'ባዶ አድርግ' የሚል ትዕዛዝ አየና ጻፈው። ፊቱ ያለውን ሰሌዳ የሚያጸዳለት መስሎታል። ለካ የጓዳው ነው። ዲበገሩ ያስታወሰውን ሁሉ አራገፈበት፣ ሁለት ሳምንት ሲከታተል የቆየው ጠፋ። ሰውዬው ደውሎ የተናገረውን ይቺ ልጅ ልትነግረኝ አፍራለች፣ እኔም አላጽፍም።

ከዚያ አለቃዋ ጠራትና የጓዳዎቹን ትዕዛዞች ስም ቀይሪ አላት። ሠላሳ ምናምን ናቸው። የእያንዳንዱ ስም ፊት 'ጥገና' የሚል ቃል ይግባ፣ 'ባዶ አድርግ' የነበረው 'ጥገና ባዶ አድርግ' ይሁን፣ ደንበኛው ሲያየው የሱ እንዳልሆነ ይወቅ። በፈረንጅ ፊደል ነው የሚጻፉት፣ እኔ ትርጉሙን ነው የምናገረው። ነገሩ ደግ ነው፣ እኔም ብሆን አደርገዋለሁ። ግን ሌላም ጨመረበት። "አሮጌዎቹን አንድም እንዳታስቀሪ፣ ሰው ስቶ እንኳን እንዳይነካቸው" አላት። እሷም አላስቀረችም። በአንድ ቀን ሠላሳውንም ቀየረች፣ አሮጌዎቹን ነቀለች፣ ተኛች።

ጎህ ሲቀድ እሳቱ ተነሳ።

የሥራ ባልደረቦቿ ለካ ረጃጅም ዝርዝር ጽፈው አኑረዋል። ሰው ሳይነካው ጎህ ሲቀድ ራሱ ተነስቶ ዲበገሩን ከላይ እስከታች የሚፈትሽ ዝርዝር። ያ ዝርዝር የጓዳዎቹን ትዕዛዞች በአሮጌ ስማቸው ነው የሚጠራው። ተነሳ፣ ጠራ። ዲበገሩ ምን ቢል ጥሩ ነው? "እንዲህ የሚባል ትዕዛዝ የለም።" ሌላውን ጠራ። የለም። ሠላሳውንም። የለም፣ የለም፣ የለም። ፍተሻው ሁሉ ቆመ። በዚያው ቀን ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አዲሱን ዲበገር ለወልቂጤው ሰውዬ ማስረከብ ነበረባቸው። ሳይፈተሽ አይሰጥም።

እኔ ይሄን ሁሉ ያወቅሁት ስልኩ ከጮኸ በኋላ ነው። ጓዳ ሆና ስታወራ ሰማሁ። ማውራትም አይደል፣ "እሺ፣ እሺ፣ እሺ" ብቻ። ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ምን ሆንሽ?"

"አባረረኝ እማማ። ኮምፒውተሩን ሊወስድ እየመጣ ነው። እሱ ሌላ ሰው አስቀምጦ ሁሉንም እንደነበረ ይመልሰዋል።"

"ከዛስ አንቺ?"

"እኔማ..." አለችና ተወችው። "አዲስ አበባ እሞክራለሁ" አለች በኋላ።

እኔ ማጽናናት አላውቅም። የመጣልኝ ንዴት ነው። "ደንቆሮ!" አልኳት። ጻፊው፣ ደንቆሮ ነው ያልኩት። "ሰው ሲጠራው የኖረውን ሠላሳ ስም ነቅለሽ ስትተኚ ነገ ጠዋት ማን ብሎ እንደሚጠራቸው አላሰብሽም? አዲስ ስም ያወጣ ሰው አሮጌውን የሚያውቁትን ዞሮ መንገር የለበትም?"

"እሱ እኮ ነው አታስቀሪ ያለኝ።"

"እሱማ አማት ነው!" አልኳት።

ምን ማለቴ እንደሆነ ስላልገባት ነገርኳት። ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ ለባሌም፣ ለልጄም።

እኔ ስዳር ልጅ ነበርኩ። ከማረቆ በኩል ወደዚህ ወደ መስቃን ነው የመጣሁት። በአገራችን ሙሽራ ስትገባ ስም ይወጣላታል፣ አማት ናት የምታወጣው። ሴቶቹ ተሰብስበው አናቴን ቅቤ ቀቡኝና አማቴ ስሜን አወጣች። እልል ተባለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የድሮው ስም አይነሳም። ይሄ ባህል ነው፣ ሁሉም እንዲህ ነው የገባው፣ እኔ ብቻዬን አልተበደልኩም። ሌላ ቤት ሲሆን አዲሱ ስም ዓመት እስኪሞላ ቀስ እያለ ይለመዳል፣ የሙሽራዋ ቤተሰብ ሲመጣ እየሳቁ ይነገረዋል። የኔ አማት ግን እንዲህ ያለ ነገር አታውቅም። ክፉ ነበረች። ሞታለች፣ አላህ ይማራት፣ ክፉ ነበረች።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ እናቴ መጣች። በእግሯ ነው የመጣችው፣ ቅቤ ተሸክማ። እኔ ከግርዶሹ ጀርባ ቆጮ እያሸሁ ነበር። አጥሩ ጋ ቆማ ጠራችኝ። ያወጣችልኝን ስም፣ ከልጅነቴ ጀምራ ለውኃ፣ ለእንጨት፣ ለምሳ የጠራችኝን ስም። አማቴ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ "እንዲህ የምትባል እዚህ የለችም" አለቻት።

እናቴ ቤት የተሳሳተች መሰላት መሰለኝ፣ ዞር ዞር ብላ አየች። እንደገና ጠራች። "የለችም አልኩሽ እኮ!" እኔ ተነሳሁ። አማቴ ዓይኔን አየችው። ተቀመጥኩ። ይኸው ስንት ዘመኔ፣ ያቺን መቀመጤን አልረሳትም። ለሦስተኛ ጊዜ ጠራች፣ ድምጿ ቀንሷል። ከዚያ ቅቤውን አጥሩ ሥር አስቀምጣ በመጣችበት መንገድ ተመለሰች።

በሚቀጥለው ስትመጣ አዲሱን ስም ከሰው ጠይቃ ተምራው ነበር። በሱ ጠራችኝ። አፏ ላይ እንደ ውሰት ልብስ ነበር የሚሆንባት። እስክትሞት ድረስ በዚያው ጠራችኝ፣ በድሮው ደግማ አልጠራችኝም። አሁን ያን ስም የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ይቺ ልጅ ማን ነበር ስትለኝ አልነገርኳትም።

"እናቴን ለማሳፈር ብቻ የሆነ ሕግ ነበር" አልኳት። "አንቺም ለነዚያ ዝርዝሮች ያደረግሽው እሱን ነው። አዲሱ ስም ይሁን፣ ጥሩ ነው። ግን በሩ ላይ አንድ ሰው አይቆምም? 'ያቺን ነው የፈለግሽው? አሁን እንዲህ ነው የምትባለው፣ ግቢ' የሚል?"

"ይቻላል እማማ" አለች። "አሮጌውን ስም ሲጠሩት አዲሱን እንዲያመጣ ማድረግ ይቻላል። ሥራውን ይሠራል፣ ከሥሩም ስሙ ተቀይሯል ብሎ ይናገራል። ለደንበኛው ግን የትዕዛዞቹ ዝርዝር ላይ አይታየውም፣ ለኛ ብቻ ይሠራል። አውቀዋለሁ። እሱ አታስቀሪ ስላለኝ ነው።"

"ማወቅሽ ታዲያ ምን ረባሽ? ተቀመጥሽ፣ እንደኔ!"

"ኮምፒውተሩን ሊወስድ እየመጣ ነው እኮ።"

"ስንት ሰዓት ይፈጅብሻል?"

"አንድ ሰዓት። ካልተረበሽኩ።"

"ግቢ ጓዳ" አልኳት።

ገባች። እኔ ሰሌኑን ጎትቼ በሩ ላይ ወሰድኩት፣ ሁለተኛውን ጆንያ ገለበጥኩበት። ደፉን ሁሉ በርበሬ ሞላው። ወለሉ አይታይም። መሀሉ ላይ ተቀመጥኩ። የሰው በርበሬ የሚረግጥ ሰው በዚህ አገር ገና አልተወለደም።

መጣ። መኪናውን ከውጭ አቁሞ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያዞረ ገባ። ነጭ ጫማ።

"አሰላሙ አለይኩም እማማ።"

"ወአለይኩሙ ሰላም። ምን ፈለግህ?"

"የቢሮ ላፕቶፕ አለ እሷ ጋ፣ ለመውሰድ ነው።"

"ሥራ ላይ ናት።"

"አይ፣ እ... አልነገረችዎትም መሰለኝ፤ ጨርሰናል ከሷ ጋር።"

"እሷ ግን አልጨረሰችም። ተቀመጥ።"

መቀመጫ የለም። ያለው የተገለበጠ ጀሪካን ነው። አየው፣ አልተቀመጠም። አንድ እግሩን አነሳ፣ የሚያሳርፍበት አጣ፣ መለሰው።

"እማማ፣ በአላህ፣ ይሄ የሥራ ጉዳይ ነው። የእርስዎ አይደለም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዕቃ የማስረክበው ሰው አለ፣ ጉድ ነው የተሠራሁት።"

"ማነው ጉድ የሠራህ?"

"እሷ ናታ! ሁሉንም ነገር ነቅላ..."

"አሮጌውን አታስቀሪ ያላት ማነው?"

ቁልፉን ማዞር ተወ። ጓዳ ያለችው ልጅ መጻፏን አቆመች፣ ሰማሁ። "አንቺ ሥራሽን ሥሪ!" ብዬ ጮህኩባት።

"እኔ እንደዛ በአንድ ጊዜ አላልኩም" አለ። "ማለቴ... ትንሽ ማሰብ አለ አይደል? ልጅ አይደለችም።"

"ታዲያ ልጅ ካልሆነች ለምን እንደ ልጅ አዘዝካት? ስታዝ አለቃ፣ ሲበላሽ እንግዳ?"

ከዚያ ማስነጠስ ጀመረ። የማረቆ በርበሬ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስድስት ጊዜ አስነጠሰ፣ አንዴም ይማርህ አላልኩትም። እንባው እየወረደ ክንዱን ፊቱ ላይ አድርጎ "እማማ፣ በቃ በናትዎ ይጥረጉትና ልግባ" አለኝ።

"በናቴ አትለምነኝ። እናትህን አውቃታለሁ" አልኩት። "እዚሁ ስትዳር ነበርኩ። ስም ሲወጣላት እልል ካሉት አንዷ እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት ማን ነበር ስሟ?"

ዓይኑን እየጠረገ አየኝ። "ምን?"

"እናትህ። ሰው እስከምታገባ ድረስ ማን ብሎ ነበር የሚጠራት?"

አያውቅም። ፊቱ ላይ አየሁት፣ ጭራሽ አስቦትም አያውቅም። "እኔ እንጃ" አለ።

"ስም መቀየር ቀላል ይመስልሃል፣ ነው? ቁጭ በል አሁን።"

ጀሪካኑ ላይ ተቀመጠ። ስልኩ ይጮሃል፣ ያነሳል፣ "መጣሁ፣ መጣሁ፣ አዎ እየወሰድኩት ነው" ይላል፣ ይዘጋል። እኔ እቀነጥሳለሁ። አላዋራሁትም። ውኃ አላቀረብኩለትም። ውኃ ሳላቀርብ እንግዳ ያስቀመጥኩት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው፣ አልቆጨኝም።

ልጅቷ ከሰዓት በላይ ፈጀች። ስትወጣ ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን ታቅፋ በበርበሬው ማዶ ቆመች።

"ልኬዋለሁ" አለችው። "ፍተሻውን አስነሳው በላቸው።"

"ሁሉንም መልሰሽዋል? እንደነበረ?"

"አልመለስኩም። አዲሶቹ ስሞች እንዳሉ ናቸው። አሮጌዎቹንም ሲጠሯቸው ይመልሳሉ፣ ስማችን ተቀይሯል እያሉ። ደንበኛው አያያቸውም። በሚቀጥለው ዓመት እነቅላቸዋለሁ፣ ሁሉም ዝርዝሩን ካስተካከለ በኋላ።"

"እንዳታስቀሪ ብዬሽ ነበር እኮ።"

"ብለኸኛል" አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ያን ጊዜ የኔ ልጅ መሆኗን አወቅሁ።

ደወለ። ጠበቅን። ፍተሻው የሚፈጀው ጊዜ ለካ ረጅም ነው፣ ግማሽ ኩንታል ቀነጠስኩ መሰለኝ። ስልኩ ተመልሶ ጮኸ። ሲሰማ ቆየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ "ሠላሳውም? እሺ" አለ። ዘጋ። ተነሳ፣ ሱሪውን አራገፈ።

"ሰኞ ቢሮ እንገናኝ" አላት።

ይቅርታ የለ፣ አበጀሽ የለ። እኔም ሰኞ ትመጣለች አላልኩም፣ ደህና ሁንም አላልኩ። አንዴ አስነጠሰና ወጣ። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። "ተነሺና ይሄን በርበሬ ሰብስቢ" አልኳት። ስትስቅና ስታለቅስ አንድ ላይ ሆነባት።

አጥራችን የቆርቆሮ ነው፣ ቀዳዳው ብዙ። ከማዶ የምትኖረው ጡረታ የወጣች መምህር ናት፣ ሰሜን ተወልዳ ገና በልጅነቷ ለሥራ እዚህ ተመድባ የቀረች። እዚሁ አርጅታ፣ አሁን የኔን አማርኛ ታርማለች። ሁሉንም ሰምታለች፣ እሷ የማትሰማው የለም። ልጅቷ በርበሬውን ሰብስባ ወደ ውስጥ ስትገባ ቆርቆሮውን አንኳኩታ ብቅ አለች።

"እትዬ፣ ያን ልጅ አፋጠጥሽው አይደል?" አለችኝ።

"ይበለው።"

"የናቱን ስም ስትጠይቂው አንጀቴን በላኝ። እውነትም አያውቅም።"

"ምን ያውቃል! ስም ሲነቅል ብቻ ነው የሚያውቅ።"

አየችኝ። የመምህር አስተያየት ነው፣ ሳትቆጣ የሚቆጣ። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፣ ቃሏን እንዳለ ነው የማጽፈው፤

"ምሽት ላይ የልጅሽ ሚስት በርበሬዋን ተሸክማ ከቆሼ ስትመለስ በር ላይ ቁሚና እናቷ ባወጣችላት ስም ጥሪያት እንግዲህ። ታስታውሺው እንደሆነ።"